66 ሴንቲ ሜትር

የሕፃኑን የልብ ምት የሚመዘግበው ማሽን ወረቀቱን በደቂቃ 3 ሴንቲ ሜትር ይተፋል። አሜሪካ ውስጥ ፍጥነቱ ይሄ ነው። ይህን ያወቅኩት ሳሎን ወለል ላይ ተንበርክኬ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር ስለካ ነው። ከ03:12 እስከ 03:34። ሃያ ሁለት ደቂቃ፣ 66 ሴንቲ ሜትር።

ወረቀቱ የእህቴ ልጅ የተወለደበት ሌሊት ነው። ልጁን ሁላችንም ማሙሽ ነው የምንለው፣ እዚህም በዚሁ ይለፍልኝ። ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመት ሞላው። አይቀመጥም፣ አይራመድም፣ በአፉ አይናገርም። ሲስቅ ግን ጎረቤት ይሰማዋል። ያለበት ሴሬብራል ፓልሲ ነው፤ አንጎሉ ገና በጨቅላነቱ ተጎድቶ ሰውነቱ አይታዘዝለትም። አማርኛችን ለዚህ የራሱ ቃል የለውም፤ ያሉን ቃላት ስድብ ናቸው። «ሽባ» እንላለን። «ነካ ያደረገው» እንላለን። አንድ ጊዜ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጋሪውን አይተው «ምን ነክቶት ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። «ሲወለድ ታፍኖ ነው እማማ» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ ይህንኑ እላለሁ። አጭር ነው፣ ይገባል። እኔ የምፈልገውን ያህል ደግሞ ይደብቃል።

ታናሽ እህቴ በዲቪ ከመጣች አስራ አንድ ወሯ ነበር። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ እኔ ጋ ነው የሚኖሩት። ባሏ ማታ ማታ ታክሲ ይነዳል። እኔ ከእነሱ አስራ ሁለት ዓመት ቀድሜ ነው የመጣሁት፤ እንግሊዝኛዬ ለሥራም ለጭቅጭቅም ይበቃል ብዬ ነበር የማስበው። ምጡ ሲመጣ ሆስፒታል ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። ገና ስንገባ ነርሷ ሁለት እጀታ ያለው ስልክ አሳየችን። አንዱን እጀታ በሽተኛው፣ ሌላውን ሐኪሙ ይይዛል፣ መሃል ላይ አስተርጓሚ አለ። አማርኛም አለ። «ትፈልጋላችሁ?» አለች።

«አያስፈልግም፣ እኔ አለሁ» አልኩ።

ለእህቴ አልነገርኳትም። ትንሽ ኩራት ነበረበት፣ ሌላ ነገርም ነበረበት። አበሻ በስልክ መጥቶ የእህቴን ሆድ ዕቃ ሁሉ ሰምቶ፣ እሁድ ቅዳሴ ላይ ከአጠገባችን ቢቆምስ? እዚህ ከተማ የሚኖር አበሻ ይገባዋል።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከአስራ ሁለት ላይ፣ በእነሱ 03:12፣ ሐኪሙ ገባ። ወረቀቱን አንስቶ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ተናገረ። «አይ ዶንት ላይክ» ብሎ ነው የጀመረው። የልቡ ምት አካሄድ ደስ አላለኝም፤ እኔ ብሆን አሁኑኑ ወደ ኦፕራሲዮን እሄድ ነበር፤ እሷ ትንሽ ልሞክር ካለች ግን ሠላሳ ደቂቃ እናያለን። ያለው ይህን ነው።

እኔ ለእህቴ ያልኳት ደግሞ ይህን ነው፦ «የልጁ ልብ ትንሽ ዝቅ እያለ ነው። ኦፕራሲዮንም ይቻላል አለ። ግን ትንሽ መጠበቅም ይቻላል።»

አንድም ውሸት የለበትም። ግን «ደስ አላለኝም» የት ገባ? «እኔ ብሆን» የት ገባ? ሐኪሙ አስቀድሞ ያለውን እኔ መሃል ከተትኩት፤ እሱ ለእሷ ሲል ጨረፍ ያደረገውን መጨረሻ ላይ አመጣሁት። አማርኛ ሲያልቅ ነው ክብደቱን የሚያወርደው፤ ሰሚው ይዞ የሚቀረው ማሰሪያውን ነው። እና «ይቻላል» የሚባለው ቃላችን አይገርማችሁም? ሱቅ ውስጥ መሞከርም ይቻላል፣ ሕይወት ማዳንም ይቻላል።

እህቴ ከኦፕራሲዮን ሞትን ትመርጥ ነበር። ሀገር ቤት የአክስታችን ልጅ በኦፕራሲዮን ወልዳ አልተነሳችም። «ሆዴን እንዳያስቀድዱኝ፣ ማርያምን» አለችኝ። «ትጠብቃለች» አልኩት ሐኪሙን። «እርግጠኛ ናት?» አለ። «አዎ።» ወጣ። እኔ እጇን ይዤ «ማርያም ማርያም» ማለት ጀመርኩ፣ ነርሷ እንዳትደናገጥ በለሆሳስ።

03:34 ላይ የማሽኑ ድምፅ ዘገየ። ጤነኛ የሕፃን ልብ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ይመታል። ወረቀቱ ላይ መስመሩ ወደ 60 ወርዶ እዚያው ይጎተታል። ያኔ ማንም አስተርጓሚ አልጠየቀም። አልጋውን እየገፉ ሮጡ።

ማሙሽ አላለቀሰም። ከእትብቱ የተወሰደው ደም ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ፣ 6.87 ነበር። ከ7 በታች ሲሆን ልጁ ምጥ ላይ ሳለ ክፉኛ አየር አጥሮት ነበር ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ የተማርኩት ቆይቼ ነው። ከተወለደ በስድስት ሰዓት ውስጥ ሰውነቱን ወደ 33.5 ዲግሪ አወረዱት፣ ሰባ ሁለት ሰዓት እንደዚያ ያቆዩታል። አየር አጥሮት የተጎዳ አንጎል ሲቀዘቅዝ ጉዳቱ ሊቀንስ ይችላል፤ ሕክምናው የገባው እ.ኤ.አ. በ2005 አካባቢ የታተሙ ትልልቅ ሙከራዎች ውጤት ካሳዩ በኋላ ነው። በእኛ ሀገር ጨቅላ ሲታመም «ማሞቂያ ገባ» ነው የሚባለው። ለእናቴ በስልክ ምን ልበላት? «ማቀዝቀዣ ገባ»? እህቴ በሦስተኛው ቀን በተሽከርካሪ ወንበር ሄዳ ነካችው። «ይሄማ ሞቷል» አለችኝ፣ ጣቷን ሳታነሳ። «አልሞተም፣ አቀዝቅዘውት ነው» አልኳት። ይህንን ግን በደንብ ተረጎምኩት።

ቤት ስንገባ ሰው መጣ። ገንፎ የያዘችም ነበረች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል ለወለደች። ሴቶቹ በር ላይ ቆመው ተያዩ። ልጁ ሆስፒታል ነው፣ እናትየው ባዶ እጇን ተኝታለች። አንዷ ብቻ ገብታ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት፣ እንደወጉ። እህቴ «አሜን» አለች። ገንፎው ቀዝቅዞ ተደፋ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ዓይነት አበሻ ነው። አንደኛው «የእግዜር ሥራ ነው፣ ሐኪም ይከሰሳል እንዴ?» የሚል። ሁለተኛው ቡና ላይ ቁጭ ብሎ «ሜሪላንድ የእንትና ልጅ ሃያ ሚሊዮን አገኘች አሉ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» የሚል። እንትናን እስካሁን ያያት የለም። እኔ ከሁለቱም ጋር አልተከራከርኩም። ሌሊት ሌሊት በስልኬ አነባለሁ።

ካነበብኩት አንድ ነገር ያዘኝ። ወሊድና ይህን ጉዳት መጀመሪያ አጥብቆ ያገናኘው ዊልያም ጆን ሊትል የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1861 ለንደን ውስጥ ለአዋላጅ ሐኪሞች ማኅበር ምጥ የከበደባቸውንና ታፍነው የተወለዱ ልጆችን ጉዳይ አቀረበ። በሽታው ለረጅም ጊዜ በስሙ ይጠራ ነበር። በ1897 ደግሞ ፍሮይድ፣ ያው የምታውቁት ፍሮይድ፣ ያኔ የነርቭ ሐኪም ነበርና፣ ነገሩን ገለበጠው። ምጡ የከበደው ልጁ ማህፀን ውስጥ ሳለ ቀድሞ ተጎድቶ ቢሆንስ? አለ። ከዚያ ብዙ ሰው አልሰማውም። በ1986 ካሪን ኔልሰን እና ዮናስ ኤለንበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ50,000 በላይ እርግዝናዎችን ተከታትለው የተሰበሰበውን መዝገብ ሲመረምሩ፣ አብዛኞቹ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ልጆች ሲወለዱ ስለመታፈናቸው ማስረጃ የላቸውም። ያለጊዜ መወለድ አለ፣ ኢንፌክሽን አለ፣ ማህፀን ውስጥ የሚደርስ ስትሮክ አለ፣ ዘር አለ። ከ1,000 ልጆች ሁለት ወይም ሦስት ይደርስባቸዋል፣ ብዙዎቹ ላይ የማንም እጅ የለበትም።

ከባድ ቢጫነትም አንዱ መንስኤ ነው። ይህን ስጽፍ አንዲት አራስ ብታነብልኝ ብዬ ልጨምር፦ ቢጫነቱ ወደ ሆድና ወደ እግሩ የወረደ ልጅ የጠዋት ፀሐይ አይበቃውም፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ማሽኑም እንደዚሁ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካ ማዋለጃ ክፍሎች ሁሉ ገባ። ያኔ ከመቶ ወላድ አምስቷ ያህል ነበረች በኦፕራሲዮን የምትወልደው፤ አሁን አንድ ሦስተኛ ደርሷል። ሴሬብራል ፓልሲ ግን አልቀነሰም። ሐኪሞች ይህን ሲያነሱ እልህ ይይዛቸዋል፣ እውነታቸውን ነው። ማሽኑ ያመጣው አንድ እርግጠኛ ነገር ወረቀት ነው። ወረቀት ደግሞ ፍርድ ቤት ይወዳል። አንዱ ባለሙያ መስመሩን አይቶ «ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል» ይላል፣ ሌላው ያንኑ መስመር አይቶ «ምንም የለውም» ይላል። ሁለቱም ተከፍሏቸው ነው የመጡት።

ማሙሽ ሁለት ዓመት ሲሆነው ጠበቃ ጋ ደወልኩ። በአማርኛ ቴሌቪዥን የሚያስተዋውቁት ዓይነት፣ «ካላሸነፍን አይከፍሉንም» የሚሉት። ካሸነፉ ሢሶውን ይወስዳሉ። ረዳቱ ስልኩን አንስታ ገና የሆስፒታሉን ስም ስነግራት «አባል ነው?» አለችኝ። የምን አባል? መልሼ ልደውል አለች፣ አልደወለችም። እኔም ተውኩት። ለምን እንደተውኩት በኋላ እነግራችኋለሁ።

የገባን ማሙሽ ሰባት ዓመት ተኩል ሆኖት፣ ፊዚዮቴራፒ የምትሠራለት ልጅ «ፈንዱ ይከፍልላችኋል አይደል?» ስትለን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ቨርጂኒያ ውስጥ ኢንሹራንስ ድርጅቶች አዋላጅ ሐኪሞችን አንሸፍንም ማለት ጀመሩ፤ ካሳው በዛ ብለው። ክፍለ ግዛቷ በ1987 ሕግ አወጣች። በወሊድ ጊዜ አየር አጥሮት ወይም ተጎድቶ አንጎሉ የተጎዳ ልጅ፣ ሐኪሙ ወይም ሆስፒታሉ የፈንዱ አባል ከሆነ፣ ወላጅ ጥፋት ማስረዳት የለበትም። ፈንዱ ኢንሹራንስ ያልሸፈነውን የሕክምና ወጪ ዕድሜ ልኩን ይከፍላል። ጋሪ፣ ነርስ፣ ጋሪ የምታስገባ ቫን። በምላሹ መክሰስ የለም። ፍሎሪዳ በዓመቱ ተከተለች።

ፖቶማክ ወንዝን በዊልሰን ድልድይ ሲሻገሩ ሜሪላንድ ነው። እዚያ እንዲህ ያለ ፈንድ የለም፤ ዳኞች ፊት ቆመህ ጥፋቱን ታስረዳለህ፣ ወይ ታገኛለህ ወይ ባዶ እጅህን ትመለሳለህ። እህቴ ቤት ከዚያ ድልድይ አሥር ደቂቃ ነው። ዕጣ ማለት ይሄ ነው።

ማመልከቻው የሚገባው ሠራተኞች ሥራ ላይ ሲጎዱ ካሳ የሚወስን ኮሚሽን ዘንድ ነው። መጀመሪያ ስሰማ ሳቅኩ። ማሙሽ ሥራው መወለድ ነበር፣ ሥራ ላይ ተጎዳ። ልጁ አሥር ዓመት ሳይሞላው መግባት አለበት፣ ከዚያ በኋላ በሩ ዝግ ነው። ቆጠርኩ፤ ሁለት ዓመት ተኩል ቀርቶናል። የአባልነቱን ማስታወቂያ ወረቀት ፈልጌ አገኘሁት። ሆስፒታሉ ለእህቴ ሰጥቷት ነበር፣ በእንግሊዝኛ። ከናሙና ዳይፐርና ከቫዝሊን ጋር በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሰባት ዓመት አልጋ ሥር ተቀምጧል።

ፎርሙ ልጁ በዕለት ተዕለት ኑሮው ሁሉ ቋሚ ረዳት የሚያስፈልገው መሆኑን ጻፉ ይላል። እህቴ ለሰው ሁሉ የምትናገረው ማሙሽ የቻለውን ነው። አሁን ደግሞ ያልቻለውን ብቻ ዘርዝሪ ተባለች። «ማንኪያ ይይዛል» አለችኝ። «ይበላበታል?» «አይ። ይይዛል።» እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ቆየሁ። «ይይዛል ብለሽ ጻፊ» አለች። ጻፍኩ። ሕጉ ደመወዙን ሳይቀር አስልቶለታል፤ ከ18 ዓመቱ እስከ 65 ዓመቱ፣ የክፍለ ግዛቷ የግል ሠራተኛ በአማካይ የሚያገኘውን ግማሽ። ሠርቶ የማያውቅ ልጅ ጡረታ የሚወጣበት ዓመት ታውቋል።

አዲስ አበባ ያለችው ጓደኛዬ ጠበቃ ናት። ይህን ሁሉ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና «እኛ ጋ አንድ ሺህ ብር ነው» አለች። የቀልድ መስሎኝ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሐኪም በሙያው ደንብ ላይ ላጠፋው ጥፋት ኃላፊ ነው ይላል፤ ሆስፒታሉም ለሐኪሞቹ ጥፋት ይጠየቃል። የወጣ ወጪ፣ የሚወጣ ወጪ ይከፈላል፣ ማስረዳት ከተቻለ። የሞራል ጉዳት ግን፣ ማለትም የእናትየው ልብ፣ ከአንድ ሺህ ብር አይበልጥም ተብሎ ቁጥሩ ሕጉ ላይ ተጽፏል። ስድሳ ዓመት ያለፈው ቁጥር ነው። ክሱም በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ አለመቀመጡ እንኳ በወጉ የሚታየው ስንት ወር ሲሞላው ነው? አያት «አባቱም ዘግይቶ ነው የሄደው» ብላ አንድ ዓመት ታሳልፋለች። «ደግሞ ማን ይመሰክራል?» አለች ጓደኛዬ። «ሐኪም በሐኪም ላይ?»

ከማመልከቻው ጋር የሕክምና መዝገቡ ይያያዛል። ስድስት መቶ ገጽ ነው የመጣው። ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ ቤት ውስጥ ሌላ የሚያነብ የለም። የልብ ምቱን ገጾች በፕላስተር አያይዤ ወለሉ ላይ ዘረጋሁ፤ የለካሁትም ያኔ ነው። የነርሷ ማስታወሻ ከጎኑ ነበር። 03:12 ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ሲተረጎም እንዲህ ይላል፦ «ሐኪሙ ስለ ኦፕራሲዮን ተወያይቷል። ታካሚዋ መጠበቅ መርጣለች። እህቷ አስተርጉማለች። ታካሚዋ አስተርጓሚ አልፈልግም ብላለች።»

ታካሚዋ አላለችም። እኔ ነኝ ያልኩት።

የጤና ሕጎቻቸውን አንብቤያለሁ። ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ ድንገተኛ ካልሆነ ወይም ታካሚዋ ራሷ ካልፈለገች አብሮ በመጣ ዘመድ ላይ መደገፍ የለበትም። ስለዚህ ሐኪሙ ስልኩን ማንሳት ነበረበት? ነበረበት። ወይም ፊቴን አይቶ «ምን እንዳልኩ መልሰሽ ንገሪኝ» ማለት። ለእንዲህ ያለ ነገር ሠላሳ ሰከንድ ይበቃል፣ ወረቀቱ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል። ጠበቃ ቢይዘው ይህን ይዞ ይሮጥ ነበር። የሌላኛው ወገን ጠበቃ ደግሞ እኔን ያስቀምጠኝና «ዶክተሩ ያለውን ቃል በቃል ይድገሙልን፣ እርስዎስ ምን አሉ?» ይለኛል።

ለምን ያኔ እንደተውኩት ይኸው። የሕግ ሂደቱ አታክቶኝ አይደለም። ማን ምን አለ የሚለውን የሚጠይቅ ክፍል ውስጥ መግባት አልፈለግኩም ነበር። እና ፈንዱ፣ ጥፋት የማይጠይቀው ፈንድ፣ ለእህቴ ቫን ሲሰጣት ለእኔ ዝምታ ሰጠኝ። ሦስት ሐኪሞች መዝገቡን አይተው ብቁ ነው አሉ። ስለዚያች መስመር አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ደብዳቤው የመጣ ቀን እህቴ እልል አለች፣ እኔም እልል አልኩ፣ የእኔ እልልታ ግን ሁለት ነገር ነበረበት። ይህን መፍቀድ ያሳፍረኛል። ብዙዎች ፈንዱን የሚያሙት ሐኪሙን ያስመልጣል ብለው ነው። ያመለጠ ሌላም ሰው አለ።

ፈንዱ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ማሙሽ አሁን ሌሊት ነርስ አለው፣ እህቴ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ትተኛለች። ክስ ብንሄድ ምን እናገኝ ነበር፣ አላውቅም፤ ቨርጂኒያ የሕክምና ስህተት ካሳን በጣሪያ ወስናዋለች፣ ከ2012 ጀምሮ በየዓመቱ 50,000 ዶላር እየጨመረ በ2031 ሦስት ሚሊዮን ይደርሳል። ለዕድሜ ልክ ነርስ ያንሳል። ሒሳቡ ወደ ፈንዱ ያደላል። ግን እናት መጀመሪያ የምትጠይቀው «ምን ሆኖ ነው?» ብላ ነው፣ ለዚህ ጥያቄ ፈንዱ መስኮት የለውም።

ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት ለእህቴ አነበብኩላት። ባለፈው ቅዳሜ ነው። ማሙሽን አጥሚት እያበላችው ነበር። ቀጭን ነገር ትን ይለዋል፣ ሐኪም ቤት ማወፈሪያ ዱቄት ይሰጣሉ፤ እሷ በአጥሚት ነው የምታሳድገው፣ የመዋጥ ባለሙያዋ ቀምሳ «ውፍረቱ ልክ ነው» ብላታለች። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላት። አላቋረጠችኝም። ማንኪያዋን ከንፈሩ ላይ አስጠግታ አፉን እስኪከፍት ትጠብቃለች፣ ይከፍታል፣ ታስገባለች፣ ጉሮሮውን ታያለች።

ስጨርስ «‹ዶንት ላይክ› ሲል ሰምቼዋለሁ» አለችኝ።

«ምን?»

«ያንን ያህል እንግሊዝኛማ አውቅ ነበር። ‹አይ ዶንት ላይክ› ሲል ሰምቼዋለሁ። አንቺ ስትነግሪኝ ግን የለበትም።» የማሙሽን አገጭ በአውራ ጣቷ ጠረገች። «እኔን መሰለኝ። እኔን ያልወደደኝ መሰለኝ። ስለጮህኩበት። እንዳላስቸግረው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ከዚያ ማሙሽ ሳለ። «ያንን ፎጣ አቀብይኝ» አለችኝ፣ አቀበልኳት።